እንቅርት፣ ሃሎፔሪዶልና አደገኛው ትኩሳት፦ ከቱሉ ዲምቱ ለመጣ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት እህት አለችኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እንቅርት ከልጅነቷ ጀምሮ አለባት፤ ስለማያማት ታክማ አታውቅም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ከሳች፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ እንቅልፍ አጣች። ቀጥሎ ሰው ይከታተለኛል፣ ምግቤን መርዘውታል ማለት አመጣች። ጠበል ወሰድናት። ሲብስባት ሐኪም ቤት ሄድን፤ ሃሎፔሪዶል ተወጋች፣ ኪኒንም ተሰጣት። በአራተኛው ቀን ሰውነቷ ድርቅ አለ፣ አተኮሳት፣ ላብ በላብ ሆነች፣ መናገር አቃታት። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ ሁለት ቀን መርፌ ሰጣት። በመጨረሻ ሆስፒታል ተኝታ ከሞት ተረፈች። 'የመድኃኒቱ አደገኛ ጠንቅ ነው፣ ታይሮይዷም በጣም ከፍ ብሏል' አሉን። ከወጣች አሥር ቀን ሆናት። የምትወስደው ፒቲዩና ፕሮፕራኖሎል ብቻ ነው። እንቅልፍ እንደገና እምቢ እያላት ነው። ይህን ሁሉ ያመጣው የታይሮይድ ሆርሞኑ ነው ወይ? የአእምሮ መድኃኒት ዳግም መውሰድ ትችላለች? እናቴ ወደ ጠበል እንመልሳት ትላለች። ባለቤቴ ሰውነቷ መድኃኒት አይቀበልም፣ ሁሉም ይቅርባት ይላል። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ እንቅርቷን በቀዶ ጥገና አስወጥታለች፤ ከራሷ ኪኒን አካፍላናለች፣ ገና አልሰጠናትም።»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው። የጎረቤታችሁን ኪኒን ዛሬውኑ መልሱላት። እንቅርቱ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው የሚወስደው ሌቮታይሮክሲን ነው። ይህ ኪኒን ታይሮይድ የተባለው የአንገት እጢ የሚያመርተው ሆርሞን ራሱ ነው (እንቅርት የዚህ እጢ ማበጥ ነው)፤ እጢው ከእንግዲህ ስለማያመርትለት ከውጭ ይተካለታል። የእህትዎ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሆርሞኑ ተርፏት ነው የታመመችው። የምትወስደው ፒቲዩ ምርቱን የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ሁለቱም «የእንቅርት ኪኒን» ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ሌቮታይሮክሲን ደግሞ ቶሎ አይወጣም፤ ግማሹ ከደም እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በስህተት ለጥቂት ቀናት ብትወስደው እንኳ ጣጣው ለሳምንታት ይተርፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ሆርሞኑ ብቻውን ይህን አላመጣም። ያመጣው ሃሎፔሪዶል ነው። ሆርሞኑ ግን ሰውነቷን ለዚህ አደጋ ያጋለጠ ይመስለኛል፤ ምናልባትም ሃሎፔሪዶል እንዲታዘዝላት ያደረገውን የአእምሮ መታወክ ራሱ አምጥቶት ይሆናል። እነዚህን ነገሮች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ወደፊት የምትወስኑት ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

የደረሰባት ነገር በሕክምና ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድረም ይባላል። የፈረንሳይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1960 ሃሎፔሪዶል በጀመሩ ሕሙማን ላይ አይተው ነው የገለጹት። አለርጂ አይደለም። ከመጠን በላይ ስለተሰጠ ብቻ የሚመጣ መመረዝም አይደለም፤ በተለመደው መጠንም ይከሰታል። ሃሎፔሪዶልና ዘመዶቹ የሚሠሩት ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ በመከልከል ነው። ዶፓሚን የሚፈለገው ግን ለሐሳብ ብቻ አይደለም። ጡንቻ እንዲላላና እንዲታዘዝ ያደርጋል፤ የሰውነትን ሙቀት በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍልም ይሠራል። በእነዚህ ቦታዎች በድንገት ሲታገድ ጡንቻው ተገትሮ ይቀራል። የተገተረ ጡንቻ ያለማቋረጥ ሙቀት ያመርታል፤ ማብረጃው ደግሞ ተበላሽቷል። ትኩሳቱ፣ ላቡ፣ የልብ ምት መፍጠኑ፣ የደም ግፊት መውጣት መውረዱና አእምሮ መደንዘዙ በአንድ ላይ የሚመጡት ለዚህ ነው። ጡንቻው እየፈረሰ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ሊዘጋ ይችላል። ሐኪሞቹ ሲኬ የሚባል የደም ምርመራ አሠርተው ከሆነ የጡንቻውን መፍረስ ለማየት ነው። በጤነኛ ሰው ከጥቂት መቶ የማያልፈው ቁጥር በዚህ ሕመም ከሺህ በላይ ይወጣል፤ አንዳንዴም አሥር ሺዎች ይገባል።

አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በተጨመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከሰታል። የእህትዎ አራተኛ ቀን ከዚህ ጋር ይገጥማል። ብርቅ ሕመም ነው፤ በቅርብ ዓመታት ግምት መድኃኒቱን ከሚወስዱ ሺህ ሰዎች አንድ እንኳ አይሞላም። የደረሰበት ሰው ግን በጊዜ ካልታከመ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሆስፒታል መውሰዳችሁ አድኗታል።

ታይሮይዱ የት ጋ ይገባል? የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ሰውነት ሙቀት ያመርታል፣ ያልባል፣ ውኃ ያጣል፣ ልብ ይሮጣል፣ ጡንቻም ይደክማል። በዚያ ላይ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም፣ ዕረፍት የለም። ውኃ ማጣት፣ ድካምና መቁነጥነጥ ደግሞ ታይሮይድ በሌለበትም ቢሆን ለዚህ ሕመም ከሚያጋልጡት ዋናዎቹ ናቸው። መድኃኒቱ በመርፌ ሲሰጥና መጠኑ ቶሎ ሲጨምር አደጋው ከፍ ይላል። እህትዎ ላይ ሁሉም ተደራርበዋል። የሃሎፔሪዶል የመድኃኒት መግለጫ ራሱ ማስጠንቀቂያ አለው፦ ታይሮይዳቸው ከፍ ያለ ሰዎች ይህን መድኃኒት ሲወስዱ ሰውነት መድረቅ፣ መራመድና መናገር አለመቻል ሊያጋጥማቸው ይችላል ይላል። በአውሮፓ የሚወጣው መግለጫ ደግሞ ታይሮይዱን የሚያስተካክል ሕክምና አብሮ ካልተሰጠ መድኃኒቱ መሰጠት እንደሌለበት ያዝዛል።

እዚህ ላይ ገደቡን ልንገራችሁ። በታይሮይድና በዚህ ሕመም መካከል ያለው ማስረጃ በአብዛኛው ከነጠላ ሕሙማን ታሪክ የተሰበሰበ ነው። ሁለቱ አብረው ታዩ ማለት አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት አይደለም። ስለዚህ ሆርሞኑ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ በዚህ መድኃኒት ይታመማል ማለት አይቻልም። እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ሆርሞኑ ከፍ ብሏል ማለትም አይደለም፤ በአገራችን እንቅርት ብዙ ነው፣ አብዛኛው ግን ሆርሞኑ ልክ ነው። ይህን የምለው በአእምሮ መድኃኒት ላይ ያሉ ሌሎች አንባቢዎች ደንግጠው መድኃኒታቸውን እንዳያቆሙ ነው። በሌላ በኩል፣ እንቅርት ያለበት ሰው ከስቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠና ልቡ እየመታ የአእምሮ መታወክ ካሳየ ታይሮይዱ መመርመር አለበት። ምርመራው ቀላል የደም ምርመራ ነው። ድንገተኛ ሁኔታ ሆኖ ውጤቱን መጠበቅ ካልተቻለ እንኳ ደሙ ተቀድቶ ይቀመጥ፤ ማረጋጊያውም ዳያዚፓምን ከመሰለ መድኃኒት ይጀመር።

ስለ ታይፎይዱ። ክሊኒኩ ትኩሳት አይቶ ነው። ግን ታይፎይድ ሰውነትን አያደርቅም። በየሰፈሩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ደግሞ ባክቴሪያው በሚበዛበት አገር በቀደመ መጋለጥም «አለ» ሊል ስለሚችል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲያተኩሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰውነቱ ደርቋል ወይ?» መሆን አለበት። ክርኑን ይዘው ክንዱን ለማጠፍ ይሞክሩ። እሺ ካላለ ወይም በግድ የሚታጠፍ ከሆነ የቀጣዩን ኪኒን ሳትሰጡ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።

ባለቤትዎ «ሰውነቷ መድኃኒት አይቀበልም» ማለታቸው ከፍቅርና ከድንጋጤ የመጣ መሆኑ ይገባኛል። ግን ትክክል አይደለም፤ ብትከተሉት ደግሞ አደጋ አለው። አደጋ ያመጣው አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ፒቲዩ ከዚያ ወገን አይደለም። ፒቲዩ አሁን በድንገት ቢቋረጥ ሆርሞኑ ተመልሶ ይወጣል። ሳይታከም የቆየ ከፍተኛ ታይሮይድ በኢንፌክሽን፣ በቀዶ ጥገና ወይም በመድኃኒት መቋረጥ ድንገት ሊያገረሽ ይችላል። ይህ ማገርሸት ትኩሳት፣ የልብ መሮጥና የአእምሮ መሳት ያመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። መልኩ ካለፈው ሕመሟ ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪምን እንኳ ያሳስታል። ልዩነቱ በአብዛኛው ጡንቻው ላይ ነው፦ በታይሮይዱ ማገርሸት ሰውነት ያንን ያህል አይደርቅም፣ ሲኬውም ብዙውን ጊዜ ከፍ አይልም።

ፒቲዩ በሰዓቱ ይወሰድ። በቀን ሦስት ጊዜ ታዞላት ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 9 ሰዓትና ማታ 5 ሰዓት ብታደርጉት ልኩ ነው። ለውጡን በሳምንት አትጠብቁ። መድኃኒቱ አዲስ ምርትን ነው የሚያግደው፤ በእጢው ውስጥ ተከማችቶ የነበረው ሆርሞን እስኪያልቅ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ደም ተቀድቶ ይታይ። ስታሠሩ ቲኤስኤች (አንጎል እጢውን የሚያዝበት ሆርሞን) ብቻ እንዳይሠራላት ንገሩ፤ እጢው ራሱ ከሚያመርታቸው ሆርሞኖች ፍሪ ቲ4ም ይሠራ፣ ቢቻል ቲ3ም ይጨመር። ቲኤስኤች ሆርሞኑ ከተስተካከለ በኋላ እንኳ ለሳምንታት፣ ለወራትም ወርዶ ሊቆይ ይችላል። እሱን ብቻ ያየ ሰው መድኃኒቱን ያለ ልክ ይጨምራል፤ ያኔ ሆርሞኑ በተቃራኒው ከልክ በታች ይወርዳል። የወረደ ታይሮይድ ደግሞ ሲኬን በራሱ ከፍ ያደርጋል፤ የቀድሞው ሕመም ተመለሰ ወይ የሚል ግራ መጋባት ይፈጥራል።

ፒቲዩን በራሳችሁ ልታቆሙ የምትችሉበት ምክንያት ከባድ ጠንቅ ሲመጣ ብቻ ነው። ትኩሳት ከጉሮሮ ሕመም ወይም ከአፍ ቁስል ጋር ከመጣ ቀጣዩን ኪኒን ሳትሰጡ በዚያው ቀን የነጭ ደም ሕዋስ ምርመራ ይሠራላት። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሕዋስን ክፉኛ ይቀንሳል። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቷ ከጠቆረ ጉበቷ ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ አድርጉ። ስለዚህ እህትዎን ሲያተኩሳት «ጉንፋን ነው» ብሎ ቤት ማሳደር የለም። ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ስለሚያዘገይ የምቷ መረጋጋት አያዘናጋችሁ፤ ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካያችሁ ሂዱ። አስም ካለባት ደግሞ ፕሮፕራኖሎል ስለማይስማማት ሐኪሟ ይህን ማወቅ አለበት።

የአእምሮ መድኃኒት ዳግም ትወስዳለች ወይ? አስፈላጊ ከሆነ አዎ፣ ትችላለች። ግን አሁን አይደለም፤ ያውም ሃሎፔሪዶል አይደለም። ይህ ሕመም የደረሰበት ሰው ሙሉ በሙሉ ካገገመ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። የሚቆጠረው ከሆስፒታል ከወጣችበት ቀን አይደለም፤ ትኩሳቱም የጡንቻው መገተርም ጠፍቶ ሲኬው ከወረደበት ቀን ነው። የተወጋችው ወርሃዊው መርፌ ከነበረ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ጥበቃው ወደ ስድስት ሳምንት ይረዝማል። የትኛው እንደነበር ካርዷ ላይ ይኖራል፤ ጠይቁ። በእህትዎ ሁኔታ እኔ ከዚህም እጨምራለሁ፦ ሆርሞኗ ልክ ሳይገባ ባይጀመር እመርጣለሁ። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው አደጋውን ያጋለጠው ነገር ገና አልተወገደም። ሁለተኛው፣ መድኃኒቱ ጭራሽ ላያስፈልጋት ይችላል። ከፍ ያለ ታይሮይድ ብቻውን ጥርጣሬ፣ የማይጨበጥ ፍርሃትና የሌለ ድምፅ መስማት ሊያመጣ ይችላል፤ ሆርሞኑ ሲስተካከልም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። ከዚህ በፊት፣ ሳትከሳና ሳትንቀጠቀጥ፣ እንዲህ ሆና ታውቅ እንደነበር አስታውሱ። ካልነበረ ተስፋው ይሰፋል። ሆርሞኗ ልክ ገብቶ ከወር ከሁለት ወር በኋላም ጥርጣሬው ካልለቀቃት ግን የአእምሮ ሕመሙ ራሱን የቻለ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ሳይታከም መተው ሌላ ጉዳት ነው።

ያኔ የሚመረጠው ዶፓሚንን አጥብቆ የማይዝ መድኃኒት ነው፤ ኩዌቲያፒን የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ካልተገኘ ኦላንዛፒን በትንሹ ይጀመራል። አንድ ዓይነት ብቻ፣ በኪኒን፣ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። ወርሃዊ መርፌ ለእሷ አይሆንም፤ አንዴ ከተወጋ ማውጣት አይቻልምና። ሊትየምም አብሮ ባይሰጣት እመክራለሁ፤ ለዚህ ሕመም ከሚያጋልጡት አንዱ ነው፣ ታይሮይድንም ይነካል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሙቀቷ በየቀኑ ይለካ፣ ክንዷ ይፈተሽ፣ ሲኬም በየመሐሉ ይሠራላት። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ጋር እንኳ ሕመሙ የሚመለስባቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ ጅማሬው ሆስፒታል ተኝታ ቢሆን ይሻላል።

እስከዚያው እንቅልፏስ? ይህ ሊናቅ አይገባም። እንቅልፍ ማጣት የታይሮይዱም የአእምሮ መታወኩም ምልክት ነው። በዚህ ሳምንት ወደ አእምሮ ሐኪሟ ውሰዷት። ዳያዚፓም ወይም መሰሉ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ይህን ክፍተት ሊሸፍን ይችላል፤ ያለፈውን ሕመም አይቀሰቅስም። ሱስ ስለሚያስይዝ ግን ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ አትግዙ። ቡናውንም ለጊዜው ይቅርባት፤ ልቧ እየሮጠ ነው። ራሷን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ እንደምትችል የሚያሳይ ነገር ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሆስፒታል አስተኝቶ ያለ እነዚህ መድኃኒቶች የማረጋጋት መንገድ አለ፤ የኤሌክትሪክ ሕክምናም አንዱ ነው። ሰው ይፈራዋል እንጂ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሕይወት የሚያተርፍ ሕክምና ነው።

ጠበሉን በተመለከተ እናትዎን አልቃወምም። እምነቷ የሚያጽናናት ከሆነ ትጠመቅ፣ ትጸልይ። የምቃወመው በጠበል ቦታ የሚደርሱ ሦስት ነገሮችን ነው። ያለ ውኃና ያለ ምግብ መዋል፣ መድኃኒት ማቋረጥና መታሰር። ሦስቱም እህትዎን ወደ ነበረችበት ሊመልሱ ይችላሉ። ታስሮ የሚታገል ሰው ጡንቻው ይጎዳል፣ ውኃውም ያልቃል። የንስሐ አባቷን አነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እንጦጦም ሄደች ሌላ ቦታ፣ አሁን ከቤት ርቃ ባታድር ደስ ይለኛል፤ ሲያተኩሳት ፈጥኖ የሚያደርሳት ሰው አጠገቧ ይኑር።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ፕላሲል፣ ማለትም ለማስመለስ በየክሊኒኩ የሚወጋው ሜቶክሎፕራማይድ፣ እንደ ሃሎፔሪዶል ዶፓሚንን ይከለክላል። ለማስመለስና ለአለርጂ የሚሰጠው ፕሮሜታዚንም የዚያው ወገን ነው። ሁለቱም ይህን ሕመም ሊያመጡ ይችላሉ። እህትዎ ጨጓራዋን ታማ ሰፈር ክሊኒክ ብትገባ መጀመሪያ የሚቀርብላት መርፌ ፕላሲል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካስተኛት ሆስፒታል የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት ውሰዱ። የሕመሙ ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና ቀኑ ይጻፍበት። ፎቶ አንሥታችሁ በሁላችሁም ስልክ ላይ አስቀምጡት። በየትኛውም ሕክምና ቦታ፣ ምንም ከመወጋቷ በፊት ይታይ።

ድንገት ቢነሣባት ለእናንተ ቅርብ የሆነው አጠቃላይ ሆስፒታል አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ከዘገየ በተገኘው መኪና ሂዱ። ላዳም ራይድም ቢሆን ከመጠበቅ ይሻላል። ሽንቷ ኮካ መስሎ ከጠቆረ ደግሞ ኩላሊቷ አደጋ ላይ ሊሆን ስለሚችል በር ላይ መጀመሪያ የምትናገሩት እሱን ይሁን።

ፒቲዩ እንቅርቱን አያጠፋውም። እጢው ብዙ እብጠት ያለበት ዓይነት ከሆነ መድኃኒቱ በቆመ ጊዜ ሆርሞኑ ይመለሳል። ዘላቂው መፍትሔ ቀዶ ጥገና ወይም የሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና ነው። ሁለቱም የሚታሰቡት ሆርሞኑ ልክ ከገባ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከአሁኑ ለውስጥ ደዌ ወይም ለሆርሞን ሐኪም ቀጠሮ ያዙላት። ለማርገዝ ካሰበች ይህንንም ይወቁ፤ የመድኃኒት ምርጫው ይለወጣል። ቀዶ ጥገና ከተወሰነ ያቺን የማጠቃለያ ወረቀት ለሰመመን ሰጪው በእጁ ስጡት። ከቀዶ ጥገና በኋላ ለሚመጣ ማስመለስ ፕላሲል የተለመደ ስለሆነ፣ ለእህትዎ በምትኩ ኦንዳንሴትሮን እንዲዘጋጅላት ከዋዜማው ጠይቁ።